ከሳንዱቅ የወጣ የመኮንን የልብስ ትዕዛዝ፦ አነባበቡ፣ አያያዙና አሰፋፉ

በአዲስ አበባ ዳር ዳር፣ በተለይ ከቡራዩ ወደ ሆለታ በሚወስደው መንገድ፣ የወታደር ዘር የሌለበት ሰፈር የለም ብል ብዙም አላጋነንኩም። የገነት ጦር ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አሰልጣኝነት ሆለታ ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በዚያ መስመር መኮንን የሆነ፣ መኮንን ያገባ፣ ለመኮንን ልብስ የሰፋ ሞልቷል። አሮጌ ቤት ሲፈርስና ሳንዱቅ ሲገለበጥ ታዲያ አንዳንዴ በእጅ የተጻፈች ወረቀት ብቅ ትላለች። አራት ቦታ ታጥፋለች፤ ጠርዟ ቡኒ ሆኗል። ከላይ ማዕረግና ስም፣ ከታች ፊርማ፣ መሃል ላይ ቁጥር አለባት። መኮንኑ የደንብ ልብስ እንዲሰፋለት ለልብስ ሰፊ የሰጠው ትዕዛዝ ነው።

ብዙ ቤተሰብ ፊርማውን አይቶ ደስ ይለውና ፍሬም አስገብቶ ሳሎን ይሰቅላታል። ለእኔ ግን ቁም ነገሩ መሃል ያሉት ቁጥሮች ናቸው። ፊርማው የሰውየውን ስም ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ቁጥሮቹ ቁመቱን፣ ሆዱን፣ የትከሻውን አያያዝ ይነግሯችኋል። ስለዚህ ወረቀቱን በልብስ ሰፊ ዓይን፣ ሜትር በእጅ ይዞ ማንበብ ይሻላል። እንዴት እንደሆነ ልዘርዝር።

መጀመሪያ፦ ከመዘርጋታችሁ በፊት

እጃችሁን ታጠቡና በደንብ አድርቁ። ጓንት አያስፈልግም፤ እንዲያውም የጨርቅ ጓንት የወረቀቱን ጠርዝ እየያዘ ይቀድዳል። ንጹሕ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ወረቀት አንጥፉና የተገኘችውን ወረቀት እሱ ላይ አስቀምጡ። ቡናውም ሻዩም ከአካባቢው ይራቅ።

እጥፉ እሺ ካላለ አታስገድዱት። አሮጌ ወረቀት የሚሰበረው እጥፉ ላይ ነው፤ ከተሰበረ ደግሞ ቁጥሩን ይዞ ነው የሚሄደው። እንፋሎት ማስነካት፣ ካውያ ማስኬድ፣ ውኃ መርጨት የሚሉ ምክሮችን ተዉ። በተለይ ውኃ! በድሮ ጊዜ ሲርስ ወይን ጠጅ ቀለም የሚሆን እርሳስ ነበር፤ ደረቅ ሳለ ተራ እርሳስ ነው የሚመስለው። አንዲት ጠብታ ካረፈችበት ገጹ ሙሉ ይበላሻል።

ወረቀቱ ላይ ስፒል ተሰክቶ ከሆነ ወዲያው አትንቀሉት። ብዙውን ጊዜ ስፒሉ የያዘው የጨርቅ ብጣሽ ነው፤ «ጨርቁ ይህን ይምሰል» ብሎ መኮንኑ ወይም ሰፊው ያያያዘው ናሙና ማለት ነው። ለእኔ የወረቀቱ ትልቁ ሀብት ይሄ ብጣሽ ነው። መጀመሪያ ፎቶ አንሱት። ከዚያ የብጣሹን ጫፍ በጥንቃቄ ገለጥ አድርጋችሁ ከሥሩ እዩ። ላዩ ብርሃን ሲመታው ኖሮ ገርጥቶ የሳር ቀለም ሊመስል ይችላል፤ የታጠፈው ውስጡ ግን አረንጓዴ ያዘለ ካኪ ሆኖ ይገኛል። የልብሱ ትክክለኛ ቀለም ያ የውስጡ ነው። ስፒሉ ዝጎ በዙሪያው ክብ ቡኒ ጥላ ጥሎ ከሆነም ዝገቱን ለመፋቅ አትሞክሩ።

ስኮችና ላሚኔሽን የሚባል ነገር እንዳታስቡ። የስኮች ሙጫ በጊዜ ብዛት ቢጫ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል። ላሚኔሽን ደግሞ ወረቀቱን በሙቀት ከፕላስቲክ ጋር ስለሚያጣብቀው መመለሻ የለውም።

ሁለተኛ፦ ፎቶ

ጠዋት ወይም ከሰዓት መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት ቦታ፣ ያለ ፍላሽ አንሱ። ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። ከወረቀቱ ጎን የልብስ ሰፊ ሜትር ዘርጉ፤ ወደፊት መጠኑን ለማወቅ ይረዳችኋል። የፊቱንም የጀርባውንም አንሱ። ጀርባውን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፤ ሰፊው ሒሳቡን የሚያሰላው ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ክፍሉን አጨልሙና የእጅ ባትሪ ከወረቀቱ ጎን፣ ከጠረጴዛው እኩል ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ። ቀለሙ የጠፋ ጽሑፍ እንኳ ብዕሩ ወረቀቱን ተጭኖ ያስቀረው ቦይ ጥላ ይጥላል። በዚህ ዘዴ «ደረት» የሚለው ቃል ጠፍቶ ቁጥሩ ብቻ የቀረ መስመር መልሶ ሲነበብ ማየት ደስ ይላል።

ኮፒ ቤት ከወሰዳችኋት መስታወቱ ላይ በእጃቸው ያስቀምጧት፤ ወረቀት እየሳበ በሚያስገባው በኩል እንዳያሳልፏት ንገሯቸው። ስካን በ600 ዲፒአይ ይበቃል።

ሦስተኛ፦ ጽሕፈቱን ማንበብ

ለማሳያ እንዲሆን እኔ ያቀናበርኩት፣ የዚህ ዓይነት ወረቀት ጠባይ ያለው ጽሑፍ ይኸውና፦

«፻ አለቃ እገሌ። ፩ የሱፍ ኮት ከነሱሪው፣ ፪ የካኪ ሱሪ ይሰፋልኝ። ኮሌታው ክፍት ይሁን። ኪሱ አራት ሆኖ የላይኞቹ ባለ ክዳን። ደረት 38፣ ወገብ 32፣ ትከሻ 17½፣ እጅጌ 24½፣ የሱሪ ቁመት 41። ግራ ትከሻ ይሞላ። ቀብድ 15 ብር ተቀብያለሁ።»

ስታነቡ ግሶቹን ተከተሉ። «ይሰፋልኝ» ያለው መኮንኑ ነው። «ተቀብያለሁ» ያለው ሰፊው ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የሁለት ሰው እጅ አለ፤ ግሱ የተቀየረበት ቦታ ላይ የፊደሉን አጣጣልና የቀለሙን ውፍረት አወዳድሩ። «ግራ ትከሻ ይሞላ» የሚለውም የሰፊው ማስታወሻ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ስለ ራሱ ትከሻ እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ደንበኛ ብዙም አይገኝም።

ማዕረግ ላይ እንዳትደናገሩ። ፲ አለቃ አሥር አለቃ፣ ፶ አለቃ ሃምሳ አለቃ፣ ፻ አለቃ መቶ አለቃ ነው። ልጆቻችን የግዕዝ ቁጥር ስለማይለምዱ «፻»ን ፊደል አድርገው ያነቡታል። ሻ/ል ሻምበል፣ ሻ/ቃ ሻለቃ፣ ሌ/ኮ ሌተና ኮሎኔል፣ ኮ/ል ኮሎኔል ነው። ሻምበልና ሻለቃ የሰው ማዕረግም የጦር ክፍል ስምም ናቸው። «የ3ኛ ሻምበል» ካለ ስለ ክፍሉ ነው የሚያወራው፤ «ሻምበል እገሌ» ካለ ስለ ሰውየው ነው። ይህን የሳተ ቤተሰብ አያቱን ያለ ሹመት ሻለቃ ያደርጋቸዋል። እንደ ግራዝማች፣ ቀኛዝማችና ፊታውራሪ ያሉ የቀድሞ ማዕረጎች ከታዩ ደግሞ ሌላ ወግ ነው፤ ሰውየው በዘመናዊ የጦር ትምህርት ቤት አለማለፉን ሊጠቁም ይችላል፤ ማረጋገጫ ግን አይሆንም።

ስትገለብጡ መስመር በመስመር፣ የጻፈውን እንደጻፈው አስቀምጡ። «ሱፍ»ን በንጉሡ «ሠ» ጽፎት ከሆነ በዚያው ይቅር። አታርሙለት። ያልለየላችሁ ፊደል ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጉና እለፉ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ስትመለሱ ዓይናችሁ ይከፈታል።

አራተኛ፦ ዘመኑን ማወቅ

ቀን ከተጻፈበት ግማሹ ሥራ አለቀ። ፲፱፻፵፪ ማለት 1942 ነው፤ ፲፱ን፣ ፻ን፣ ፵ን፣ ፪ን ለይታችሁ ተራ በተራ አንብቡ። በግዕዝ ዜሮ የለም። ወደ ፈረንጅ ዘመን ስትለውጡ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ዓመቱ መጨረሻ 8 ዓመት ትጨምራላችሁ።

ቀን ከሌለ ምልክት መልቀም ነው። አንዱ ገንዘቡ ነው። ከነጻነት በኋላ፣ የኢትዮጵያ አዲስ ገንዘብ በ1937 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ እስኪወጣ ድረስ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ በገበያ ይሠራበት ነበር። ስለዚህ ቀብዱ በብዙ ሽልንግ ከተቆጠረ ወደዚያ ጊዜ ይጠቁማል። ግን ሰው ከዚያ በኋላም ሃምሳ ሳንቲምን ሽልንግ ሲል ኖሯል። «2 ብር ከሽልንግ» የሚል ነገር ዘመን አይወስንላችሁም።

ሁለተኛው ብዕሩ ነው። ጫፉ ላይ ኳስ ያለው እስክሪብቶ በዓለም ገበያ የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ወዲህ ነው። «የማይጨው ዘመቻ ጊዜ ነው» ተብሎ የተሰጣችሁ ወረቀት በእስክሪብቶ ከተጻፈ በቃ፣ ወሬው ከሽፏል። የብዕር ቀለም ይለያል፦ ብዕሩ ቀለም ሲነከር ይወፍራል፣ ሲያልቅ ይቀጥናል፣ እንደገና ይወፍራል።

ሦስተኛው የልብሱ ፋሽን ነው። ክቡር ዘበኛን ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ ያሰለጠኑት ቤልጂጎች ነበሩ። ከነጻነት በኋላ ክቡር ዘበኛን ስዊድኖች፣ መደበኛውን ጦር ደግሞ እስከ 1943 ዓ.ም. ገደማ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን አሠለጠነ። በግንቦት 1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የወታደራዊ እርዳታ ስምምነት ተፈረመ። ሐረር ጦር አካዳሚ በ1950 ዓ.ም. ሲከፈት መምህራኑ ሕንዶች ነበሩ። ይህ ሁሉ ልብስ ላይ ይታያል። ክፍት ኮሌታ፣ ከሥሩ ሸሚዝና ክራቫት፣ አራት ኪስ፣ የጨርቅ ቀበቶ፣ ልኩም በኢንች ከሆነ ሚዛኑ ወደ እንግሊዝ ያደላል። ልብሱ ገንባሌ (ከጉልበት በታች እግር ላይ የሚታሰር) ከጠየቀ ዘመኑን ወደ ኋላ ራቅ አድርጉት። አንገት ድረስ የተዘጋ ቀጥ ያለ ኮሌታ ግን ለክብር ልብስ በብዙ ዘመን ስላለ ብቻውን አያስተማምንም።

ቁልፍ ላይ ዘውድ የጫነ አንበሳ ከተጠየቀ ከ1967 ዓ.ም. በፊት መሆኑን መገመት አያዳግትም፤ ዘውዱ በይፋ የቀረው በዚያ ዓመት መጋቢት ነውና። የጦር ክፍልም ስም ይረዳል፦ 2ኛ ክፍለ ጦር አሥመራ፣ 3ኛ ሐረር፣ 4ኛ አዲስ አበባ ነበር መቀመጫው። የ4ኛው ስም ዛሬም የታክሲ መውረጃ ሆኖ ይጠራል።

«ለኮሪያ ዘመቻ የተሰፋ ነው» የሚል የቤተሰብ ትረካ ካለ ትንሽ ቆም በሉ። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ሄዶ የተሰለፈው ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ነው፤ የውጊያ ልብሱንም ከአሜሪካኖች አግኝቷል። አገር ቤት ሰፊ ዘንድ በቀብድ የታዘዘ የሱፍ ኮት ለሰልፍ፣ ለግብዣ፣ ለሠርግ ወይም ፎቶ ለመነሣት ቢሆን ይቀርባል።

አምስተኛ፦ ቁጥሮቹ

ዋናው ቦታ ላይ ደረስን። «ደረት 38» ሲል 38 ሴንቲሜትር ሊሆን አይችልም፤ ሕፃን ልጅ እንኳ ከዚያ ይሰፋል። ኢንች ነው። በ2.54 ስታባዙት 96.5 ሴንቲሜትር ይመጣል። በዚያው ሒሳብ ወገብ 32 ወደ 81፣ ትከሻ 17½ ወደ 44.5፣ እጅጌ 24½ ወደ 62፣ የሱሪ ቁመት 41 ወደ 104 ይሆናል። ወረቀቱ «ደረት 96» ካለ ግን ሴንቲሜትር ነው። የሚያስቸግረው ድብልቁ ነው፦ የሰውየው ልክ በኢንች፣ ጨርቁ በሜትር። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገጥማችሁ አትደንግጡ። የልብስ ሰፊ ሜትር በአንድ ፊቱ ኢንች በሌላው ሴንቲሜትር ነው፤ ሰውም የለመደውን ይጠቀማል። ያርድ ከተጻፈ 91.4 ሴንቲሜትር ነው።

አሁን ሜትሩን አንሡና ቁመታችሁ መካከለኛ የሆነ የቤተሰብ አባል አቁሙ። ከወገቡ እስከ ቁርጭምጭሚቱ በታች 104 ሴንቲሜትር ለኩ። ሱሪው የሚደርስበትን ስታዩ የመኮንኑ ቁመት ፊታችሁ ይቆማል። እኔ በዚህ ልክ ከ1.70 ሜትር የማያንስ፣ ደረቱና ወገቡ በ15 ሴንቲሜትር የሚለያዩ፣ ሆድ የሌለው ወጣት መኮንን ነው የሚታየኝ። ለዚያው ሰው ከዓመታት በኋላ የተሰፋ ሌላ ትዕዛዝ ከተገኘ ደግሞ ወገቡን አወዳድሩ። ሹመትና ምሳ አብረው ሲያድጉ ታያላችሁ።

«ግራ ትከሻ ይሞላ» ማለት ግራው ከቀኙ ዝቅ ስለሚል ከውስጥ ጥጥ ወይም ጨርቅ ይጨመርበት ማለት ነው። ቤተሰብ ይህን ሲሰማ ወዲያው «ቆስሎ ነው» ይላል። ኧረ ቀስ! የብዙ ሰው ትከሻ እኩል አይደለም፤ ዛሬ ኮት የሚያሰፋም ይህንኑ ይባላል። ቁስሉን የሚያረጋግጥ የሕክምና ወረቀት ወይም ፎቶ ካለ ያኔ ይወራል።

ልኩ የሰውነት ነው ወይስ የልብሱ የሚለውን ለዩ። ሰፊ ደረትን በሰውነት ላይ ከለካ በኋላ ለመንቀሳቀሻ ጨምሮ ነው ጨርቁን የሚቆርጠው። ጀርባው ላይ «38+4» የሚመስል ነገር ካገኛችሁ አራቱ ኢንች የተተወው ነው፤ አትደምሩና ሰውየውን አታወፍሩት።

የጨርቁ መጠንም ይመረመራል። ስፋቱ 1.50 ሜትር ከሆነ ሱፍ ኮትና ሱሪ ለማውጣት ከ3 እስከ 3.5 ሜትር ይበቃል። ስፋቱ አንድ ሜትር በማይሞላ ካኪ ከሆነ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ «6 ሜትር ካኪ» ማለት ሁለት ሙሉ ልብስ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ።

ስድስተኛ፦ ሰው መጠየቅ

በየሰፈሩ ያረጁ ልብስ ሰፊዎች አሉ። በረንዳ ላይ ሲንጀራቸውን ዘርግተው ሱሪ የሚያሳጥሩ አባት ካገኛችሁ ዋናውን ሳይሆን የታተመውን ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ። «ጋሼ፣ ይህቺ ምልክት ምንድን ናት?» በሏቸው እንጂ «ይሄ የንጉሡ ዘመን አይደለም?» አትበሉ። መልሱን አፋቸው ውስጥ ካስገባችሁላቸው ላለማሳፈር ብለው እሺ ይሏችኋል። ሰፊዎች ለራሳቸው ብቻ የሚያውቁት ምልክት ስላላቸው፣ ከቁጥር አጠገብ ያለች ጭረት ወይም መስቀል ትርጉሟ ከእነሱ ነው የሚገኘው።

ቤት ውስጥ ደግሞ ፎቶ ፈልጉ። በፎቶው ላይ ኪሱን፣ ኮሌታውንና ቁልፉን ቁጠሩ። ወረቀቱ «አራት ኪስ» ብሎ ፎቶው ሁለት ካሳየ ወይ ሌላ ልብስ ነው፣ ወይ ሰፊው እንዳሻው ሠርቷል። ሁለተኛው ዛሬም ያለ ነገር ነው።

ሰባተኛ፦ ማስቀመጥ

ይህ አጭር ነው። ዋናዋን ከአሲድ ነጻ በሆነ ወረቀት መካከል አድርጋችሁ በካርቶን ማኅደር ውስጥ ጠፍጣፋ አስተኟት። ብጣሹን ለብቻው በእንደዚያው ዓይነት ወረቀት ጠቅልላችሁ አብሮ ይቀመጥ፤ ሱፍ ከሆነ ብል ይወደዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም በጭቃ ግድግዳና በቆርቆሮ ጣሪያ ቤት እርጥበቱ ከባድ ነው። ወለል ላይ፣ አልጋ ሥር፣ ከውጭ ግድግዳ ጋር ተደግፎ አይቀመጥ። ማኅደሩ ላይ በእርሳስ ማን እንደሰጠ፣ መቼና የት እንደተገኘ ጻፉ። ፎቶውን ለዘመድ ሁሉ በቴሌግራም ላኩ፤ ከመጥፋት የሚያድነው መብዛቱ ነው።

ቤት የማይመች ከሆነ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት) ወይም ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሄዳችሁ አነጋግሩ። ስትሰጡ በጽሑፍ ይሁን፤ ኮፒ እንዲሰጧችሁም ጠይቁ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ «ላኩልኝ» ካለ ፎቶውን ላኩለት። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው፤ ወረቀቷ በዚያ ውስጥ መግባት አለመግባቷን አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ስምንተኛ፦ ልብሱን ማሰፋት ከፈለጋችሁ

ብዙ ሰው መጨረሻ ላይ ይህ ይመኘዋል። መልካም ነው፤ ግን የጦር ልብስ ያለ ፈቃድ ለብሶ መንገድ መውጣት ያስጠይቃል። «የድሮ ነው» ማለት ፍተሻ ጣቢያ ላይ አያዋጣም። ለቤት፣ ለኤግዚቢሽን ወይም በልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ላይ ለመስቀል አሰፉት። ለቲያትር ወይም ለፊልም ከሆነ አዘጋጁ ፈቃዱን አስቀድሞ ይጨርስ።

ለሰፊው ልኩን በሴንቲሜትር አስልታችሁ፣ የዋናውን ፎቶ ጨምራችሁ ስጡት። መጀመሪያ በአቡጀዲ ይስፋው። ሱፍ ውድ ነው፤ ስህተቱ አቡጀዲ ላይ ይለቅ። አቡጀዲውን የሚሞክርላችሁ ሰው ደረቱ ለ96.5 የሚቀርብ ይሁን፤ ካልተገኘ አሻንጉሊቱን በጨርቅ እየጠቀለላችሁ ልኩን አምጡት። ግራ ትከሻውንም ዝቅ አድርጉት፤ ያለዚያ የተሞላው ትከሻ ተንጋዶ ይታያል። ቀለሙን ከብጣሹ ውስጠኛ ፊት ጋር በቀን ብርሃን አስተያዩ፤ ሱቅ ውስጥ ባለው አምፖል የተመረጠ ካኪ ውጭ ሲወጣ ሌላ ነው።

የማዕረግ ምልክትና ኒሻን ዋናውን አትስፉበት፤ መርፌ የበሳው ነገር እንደተበሳ ይቀራል። ሥራው ሲያልቅ ከገበሩ ውስጥ፣ ከግራው የውስጥ ኪስ በላይ፣ ትንሽ ነጭ ጨርቅ ይለጠፍና በጥልፍ «ቅጂ» የሚለው ቃልና የተሰፋበት ዓመት ይጻፍበት። ክሩ ከኮቱ ቀለም የተለየ ይሁን፤ ጨርቁም በአራቱም ጠርዝ ይሰፋ፣ ገበያ ወጥቶ እንደ ዋናው እንዳይሸጥ።